ከቀለም የሸሹ ዓሦች

ቤት ስታስቀቡ ምን ምን ታወጣላችሁ? አልጋ ታወጣላችሁ፣ ቁምሳጥን ታወጣላችሁ፣ የሠርጉን ፎቶግራፍ ከግድግዳ አውርዳችሁ ፍራሹ ላይ በጀርባው ታስተኙታላችሁ። እኔ ያወጣሁት ዓሣ ነው። ይኸው እስከ ዛሬ ትከሻዬን ያመኛል። ሐኪሙ ምን የሚያህል ዕቃ ተሸክመው ያውቃሉ ሲለኝ “ዓሣ” አልኩት። ትልቅ ነበር ወይ አለኝ። አልነበረም፤ ሁለቱ ተደምረው አንድ ማንኪያ ላይ ይተኙ ነበር። ከባዱ ውሃው ነው። ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ አየኝና የራስ ምታትም እንዳለብኝ ጠየቀኝ።

ነገሩ የሆነው ዱብቲ ነው፤ በስልሳዎቹ፣ ጥጥ ንጉሥ በነበረበት ጊዜ። ዛሬ ሰመራ የሚባለው ከተማ ያኔ ጠጠር ብቻ ነበር፤ ጠጠሩም ስም አልነበረውም። እኔ እርሻው ላይ ጥጥ መዛኝ ነበርኩ። ለቃሚው ጆንያውን ይሰቅላል፣ እኔ ኪሎውን እጠራለሁ፣ ለቃሚው ይሰድበኛል። ሥራዬ ይህ ነበር። ስሜን የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ አገሩ ሁሉ “ባለሚዛኑ” ነበር የሚለኝ። ስለ ሙቀቱ አላወራችሁም። የሚያውቀው ያውቀዋል፤ የማያውቀው ውሸታም ይለኛል፤ ያንን ስም ደግሞ ለቃሚዎቹ አስቀድመው ሰጥተውኛል።

ባለቤቴ አስካለ የአዋሽ ጣቢያ ልጅ ናት። አባቷ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ። አዋሽ ሳለች እንግዳ ሰው ከባቡር ወርዶ “ይህ አገር እንዴት ይሞቃል” ሲል ትስቅበት ነበር አሉ። ዱብቲ ስትመጣ መሳቋን ተወች። ለሠርጓ አባቷ የሰጧት ስጦታ በብረት ክፈፍ የተያዘ የመስተዋት ገንዳ ከሁለት ቀያይ ዓሦች ጋር ነበር። ጣቢያው አጠገብ ቡና ቤት የነበረው አንድ ግሪክ አገሩ ሲገባ ትቶላቸው የሄደ ነው። ሆደ ሰፊውን “ባሻ” አለችው፤ ጅራቷን እንደ ቀሚስ የምትጎትተዋን “እመቤት” አለቻት። ቀትር ላይ ገንዳው ፊት ወንበር ስባ ትቀመጥና በዚህ አገር ደስ ብሏቸው የሚኖሩት እነዚህ ሁለቱ ብቻ ናቸው ትል ነበር። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ እሰማ ነበር።

ከዚያ አረገዘች። የመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት ነው የሚወለደው፤ ስለዚህ ቀኗ ሲቀርብ ወደ አዋሽ በጭነት መኪና ጋቢና ተሳፈረች። መኪናው ሞተሩን አስነስቶ እያለ በመስኮቱ ብቅ ብላ ሁለት ትእዛዝ ሰጠችኝ። ጮክ ብላ ስለተናገረች ሾፌሩም ረዳቱም ሰምተዋል፤ ምስክር አይጠፋም።

“አራስ ልጅ ይዤ እዚያ ጥቀርሻ ውስጥ አልገባም። ቤቱን እንደ ሰው ቤት አድርገህ ጠብቀኝ። ዓሦቼ ደግሞ አንድ ነገር ቢሆኑ እዚያው እናቴ ጋ ነኝ፤ ልጅህን በፎቶግራፍ ታሳድጋለህ።”

እያንዳንዱ ትእዛዝ ለብቻው ቀላል ነው። ቤት የሚቀባ ሞልቷል፤ ዓሣ የሚጠብቅም አይጠፋም። ሁለቱን ባንድ ላይ ለአንድ ሰው መስጠት ግን እርጥብ ዶሮና ደረቅ ጥጥ ባንድ ጆንያ ጭኖ መላክ ነው። ያኔ አልገባኝም፤ እሺ አልኩ። ሞተር በሚጮህበት ቦታ ሁሌም እሺ እላለሁ።

ቀቢ ፈለግሁ። ጋሽ ደግፌ የሚባሉ የእርሻው ቀለም ቀቢ ነበሩ። በዕድሜያቸው የቀቡት ትራክተር፣ የውሃ ፓምፕና የጥጥ ተሳቢ ብቻ ነው። ግድግዳ ቀብተው አያውቁም፤ እኔም መጠየቅ አልነበረብኝም፣ አልጠየቅሁምም። የፓምፕ ቤቱ በሮች ተቀብተው የተረፈ ሰማያዊ ቀለም ነበራቸው፤ ለብረት የተሠራ ወፍራም የዘይት ቀለም ነው። በላምባ እያቀጠኑ ግድግዳዬን እንደ ትራክተር ይቀቡት ጀመር። ሦስት እጅ ነው የሚቀባው አሉኝ፤ ዝገት እንዳይገባው። የጭቃና የብሎኬት ግድግዳ እንዴት እንደሚዝግ ልጠይቃቸው ብዬ ነበር፤ ነገር ግን ሽታው አፌን አስዘጋኝ።

እናንተዬ፣ ያንን ሽታ ምን ብዬ ልንገራችሁ። ቆርቆሮ ጣራ በላይ፣ የዱብቲ ፀሐይ በቆርቆሮው ላይ፣ ታች ደግሞ ቀለምና ላምባ። ግድግዳው አላበው። እኔ ዓይኔ እየፈሰሰ፣ ራሴ እየዞረ፣ ደህና ነኝ እል ነበር። ባሻ ግን ከሥር ወደ ላይ ወጥቶ አፉን ከውሃው ጫፍ ላይ ከፈተ። እመቤትም ተከተለችው። ሁለቱም ለቤተ ክርስቲያን መዝሙር እንደሚለማመዱ ልጆች አፋቸውን ይከፍቱ፣ ይዘጉ ጀመር።

ጋሽ ደግፌ ብሩሻቸውን ሳያቆሙ እንዳልጨነቅ ነገሩኝ። ዓሣ አፍንጫ የለውም፣ ሽታ የሚጎዳው አፍንጫ ያለውን ነው አሉ። አሳማኝ ነበር። ባሻ ግን ክርክሩን ስላልሰማ አፉን መክፈቱን ቀጠለ። ገንዳውን በነጠላ ሸፈንኩት። ነጠላውን አረጠብኩት። በካርቶን አራገብኩለት፤ ስደክም ነው የማራግበው ነፋስ ከቀለሙ ጣሳ ወደ ገንዳው እንደሚሄድ ያስተዋልኩት። ዞሬ ቆምኩና ከገንዳው ወደ ቀለሙ አራገብኩ። ጋሽ ደግፌ አቧራ እያመጣህብኝ ነው ብለው ተቆጡ።

ውሃውን ልቀይርላቸው አሰብኩ። የቦዩ ውሃ ሻይ በወተት ይመስላል፤ በባልዲ ተቀድቶ ካልተኛና ጭቃው ካልወረደ ለዓሣ አይሆንም። እኔም አስቀድሜ ያስተኛሁት አንድ ባልዲ ነበረኝ። ላነሳው ስል ውሃው ላይ እንደ ቀስተ ደመና ያለ ነገር ተዘርግቶ አየሁ። አረንጓዴ አለው፣ ወይን ጠጅ አለው፣ ያምራል። ለትንሽ ጊዜ ቆሜ አደነቅሁት። ከዚያ ጋሽ ደግፌ ብሩሻቸውን የት እንዳጠቡ ገባኝ።

ገንዳውን ተሸክሜ ወጣሁ።

ከቤቴ ጀርባ አንድ ግራር ነበረ፤ ጥላው ከወንፊት አይሻልም። እዚያ አስቀመጥኩት። ትንሽ ቆይቼ ጣቴን ብነክር ውሃው ሻይ ሊፈላበት ነው። ወደ እትዬ ዘሀራ ሮጥኩ። እትዬ ዘሀራ ከወሎ መጥተው መንገዱ ዳር ሻይ ቤት የከፈቱ ሴት ናቸው፤ በላምባ የሚሠራ ማቀዝቀዣ ያላቸውም እሳቸው ብቻ ነበሩ። በጆንያ በረዶ ጠቅልለው ሰጡኝ። በረዶውን ሙሉውን ጨመርኩ። ቆጥቤ ብጨምር ምን ነበረበት? ባሻና እመቤት ባንዴ ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ፎቶግራፍ የሚነሱ መሰሉ። በእጄ በረዶውን ማውጣት ጀመርኩ። በረዶ በእጅ ሲያዝ ያልቃል፤ ሲፈለግ ያልቃል፤ እንዲያልቅ ሲፈለግ ግን አያልቅም።

ያን እያደረግሁ ሳለ የአውሮፕላኑ ድምፅ መጣ።

ለቀማው ሊደርስ ሲል ጥጡ ላይ በአውሮፕላን መድኃኒት ይረጭ ነበር። ጠዋት ጠዋት ዝቅ ብሎ እየመጣ ነጭ ጭጋግ ይለቃል። ሠፈራችን ማሳው ጫፍ ስለነበር ነፋሱ ወደኛ ከዞረ ሴቶቹ ማሰሯቸውን ከድነው የተሰጣውን ልብስ ይሰበስባሉ። ዕለቱ የመርጫ ቀን መሆኑ ከዋዜማው ተነግሯል፤ እኔም ሰምቻለሁ። የሰማሁት ግን እንደ ባለሚዛን ነው፤ እንደ ዓሣ ጠባቂ አልነበረም።

ገንዳውን አንስቼ ወደ ቤት ሮጥኩ። በሩ ላይ ስደርስ ላምባውና ቀለሙ እንደ ግድግዳ ቆሞ ተቀበለኝ። ወደ ኋላ ዞርኩ፤ ጭጋጉ በግራሩ ላይ እየወረደ ነው። ወደ ፊት መርዝ፣ ወደ ኋላ መርዝ፣ መሐል እኔ፣ እጄ ላይ ባሻና እመቤት። ደፉ ላይ ቆሜ ጋቢዬን ከነራሴ በገንዳው ላይ ደፋሁት። በጋቢው ውስጥ እኔና ሁለቱ ዓሦች ፊት ለፊት ተያየን። ሦስታችንም አፋችንን ከፍተን ነበር። ጋሽ ደግፌ ከውስጥ ሆነው ቀለሙ ሳይደርቅ በሩን እንዳልነካ አስጠነቀቁኝ። ነክቼው ነበር። የሸሚዜ ጀርባ ሰማያዊ ሆኖ ቀረ፤ ጸጉሬም እንዲሁ።

አውሮፕላኑ ሲሄድ ገንዳውን እንደያዝኩ ወደ እትዬ ዘሀራ ተጓዝኩ። ታቦት እንደተሸከመ ቄስ ቀስ እያልኩ ነው የሄድኩት፤ ውሃው እንዳይፈስ። እትዬ ዘሀራ ከበራቸው ሆነው ሲያዩኝ እጃቸውን አገጫቸው ላይ አደረጉ።

“አብሽር የኔ ወንድም፣ አስገባቸው። ሰው ቤት ሲያቃጥል አይቻለሁ፤ ቤት ቀብቶ የተሰደደ ግን ወላሂ አንተን ነው ያየሁ።”

ባንኮኒው ላይ፣ ከስኳሩ አጠገብ አስቀመጥናቸው። እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ ሻይ ጠጣሁና ዓለም ሰላም መሰለኝ። ከአሰብ የሚመጣ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ገብቶ ተቀመጠና ያንን ወፍራሙን ጥበሱልኝ አለ። እትዬ ዘሀራ እንግዶቼ ናቸው አሉት። ሾፌሩ ስቆ ለእንግዳማ ምግብ ይቀርብለታል እንጂ እንግዳው አይቀርብም አለና እንቁላል አዘዘ። እኔ ግን ገንዳውን ወደ ራሴ ጠጋ አደረግሁት። ቀልደኛ ሰው ሲርበው አላምነውም።

ሰላሙ እስከ ማግስቱ ቆየ። በማግስቱ የወባ መድኃኒት የሚረጩ ሰዎች ጀርባቸው ላይ ፓምፕ አዝለው መጡ። በመንደሩ ቤት ለቤት እየዞሩ ግድግዳውን በዲዲቲ ይረጫሉ፤ የደረሰበት ቤት ዕቃውን ያወጣል። እትዬ ዘሀራ ብርጭቆ አወጡ፣ ወንበር አወጡ፣ ስኳር አወጡ። እኔ ባሻንና እመቤትን አወጣሁ። ከረጪዎቹ አንዱ ደግ ሰው ነበር፤ ለዓሣማ በጣም መጥፎ ነው፣ ራቅ አድርጋቸው አለኝ። የት ልራቅ? አንዱ ቤቴን ይቀባል፣ አንዱ ሰማዬን ይረጫል፣ አንዱ ሻይ ቤቴን ይረጫል። አገሩ ሁሉ ከነፍሳትና ከዝገት ጋር ጦርነት ላይ ነው፤ እኔ ጦርነቱ መሐል ሁለት ዓሣ ይዤ እዞራለሁ።

እርሻው መግቢያ ላይ ስደርስ እግሬ እንቢ አለኝና ገንዳውን መሬት አስቀምጬ አጠገቡ ተቀመጥኩ። በሩን የሚጠብቀው ሁመድ የሚባል አፋር ነበር፤ ወዳጄ ነው። መጥቶ አጠገቤ ቁጢጥ አለ። ሁመድ ሰው ሲያገኝ ወሬ ሳይጠይቅ አያልፍም፤ ይህ የአገሩ ወግ ነው፣ ዳጉ ይሉታል። ሁለት ሰው መንገድ ላይ ከተገናኘ ይቀመጥና አንዱ ያየውን የሰማውን ሁሉ ይናገራል፣ ሌላው ዝም ብሎ ይሰማል፤ ከዚያ ተራው ይዞራል። መጨመር የለም፣ መቀነስ የለም። የሰማው ሰው ደግሞ ለሚቀጥለው ያንኑ ያደርሳል።

ምን አየህ፣ ምን ሰማህ አለኝ። ሌላ ጊዜ “ደህና ነው፣ ሰላም ነው” ብዬ አልፈው ነበር። የዚያን ዕለት ግን ደክሞኝ ነበር፤ የደከመ ሰው ደግሞ አያሳጥርም። ከአስካለ መሄድ ጀምሬ ነገርኩት። ቀለሙን፣ ላምባውን፣ በረዶውን፣ አውሮፕላኑን፣ ዲዲቲውን። መጨረሻ ላይ እንዲህ አልኩት፤

“ልጄ ይገባበታል ብዬ ቤቱን አስቀባሁ። ይኸው ዓሣ እንኳ የማይኖርበት አደረግሁት።”

ሁመድ አንዴም ሳያቋርጠኝ ሰማኝ። ከዚያ የራሱን ጀመረ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጠፋች ግመል፣ ግመሏን ስላየ ሰው፣ ያየው ሰው ስለሰማው ሰርግ። እኔ ግመሏ ሳትገኝ አንቀላፋሁ። ስነቃ ገንዳውን ከሰሌን የተሠራች የጥበቃ ጎጆው ውስጥ አግብቶታል። ጎጆዋ ቀለም የላትም፣ ማሳውም አይቀርባትም፣ ነፋስ እንደ ልቡ ይገባል ይወጣል። ዓሦቹ እዚያ እንዲቆዩ ፈቀደልኝ፤ መመገቡ ግን የኔ ነው አለ። ሁመድ ውሃ ውስጥ የሚኖር ነገር ዓይን ዓይኑን ሲያየው ደስ አይለውም። ወንበሩን አዙሮ ጀርባውን ሰጣቸው።

ቤቴ ቀለሙ አልቆ በሩም መስኮቱም ወለል ብሎ ተከፍቶ ይውላል፤ ሽታው ግን ንቅንቅ አላለም። ጋሽ ደግፌ ለልጅ ልጅህ ይተርፋል ብለውኝ ነበር፤ ስለ ቀለሙ መስሎኝ ነበር። እኔ እዚያው ነበር የማድረው። ዓሦቹን ከሽታ አድኜ ራሴን መርሳቴ ትዝም አላለኝ።

ጥቂት ቀናት አለፉ። አንድ ረፋድ ላይ ጎጆዋ ውስጥ ዓሦቹን ስመግብ፣ ዱላውን በትከሻዎቹ ላይ አጋድሞ ሁለት እጁን የሰቀለበት፣ አይቼው የማላውቅ አፋር መጣና ባለሚዛኑ አንተ ነህ አለኝ። ነኝ አልኩ። ተቀመጠ። ሁመድ ሊያስተረጉም አጠገቡ ተቀመጠ። ሰውየው ወሬውን ከሥሩ ጀመረ። የኔን ነው የሚነግረኝ! በረዶውን ሙሉውን እንደጨመርኩ ነገረኝ። ቀስተ ደመናውን ቆሜ እንዳደነቅሁ ነገረኝ። ስናገር ዓይኔን በእጄ እንደጠረግሁ ነገረኝ፤ ይህን እኔ አልተናገርኩም፣ ሁመድ ያየውን ነው የጨመረው። የቀለሙ ጢስ ነው ብዬ ማስተባበል ፈልጌ ነበር፤ ነገር ግን እስከ አዋሽ ሄዶ የተመለሰ ወሬ ማን ያርመዋል? በሚሌ አልፏል፣ በገዋኔ አልፏል፣ አዋሽ ጣቢያ ላይ ወተት ለምትሸጥ ሴት ደርሷል። ሴትየዋ ደግሞ ወተት የምትሸጠው ለአማቴ ነው።

“አስካለ ሰማች” አለ ሁመድ፣ የሰውየውን አፍ እየተከተለ። “ሳቀች። ከዚያ አለቀሰች። ከዚያ ሳቀች። ሴት ልጅ ወልዳለች፤ ልጅቱም እናቲቱም ደህና ናቸው። እንዲህ አለች፤ ዓሣ የማይኖርበት ቤት ልጄን አላስገባም። ዓሦቹን ይዞ ይምጣ።”

አባት መሆኔን የሰማሁት እንዲህ ነው፤ ከማላውቀው ሰው፣ በትርጉም፣ በዓሣ ወሬ መሐል። ከዚያ ወደ ዱብቲ እመለሳለሁ ብላለች ወይ ብዬ አስጠየቅሁ። ሰውየው ዱላውን አስተካከለና ያልሰማሁትን አልናገርም አለ።

ፈቃድ ጠይቄ ከመጋዘን ጥጥ በጫነ መኪና ተሳፈርኩ። ጋቢናው ሞልቶ ስለነበር ከላይ፣ ጥጡ ላይ ተቀመጥኩ፤ ገንዳው በጉልበቴ ላይ። እስከ ሚሌ ድረስ ውሃው በየጉድጓዱ ወደ ደረቴ ይዘላል። ሚሌ ላይ ሾፌሩ ምሳውን ሲበላ ውሃ ለምኜ ሞላሁ። ከሚሌ እስከ ገዋኔ ጋቢዬን ጥላ አድርጌ በክንዴ ዘርግቼ ያዝኩ፤ አንድ እጅ ጥላ፣ አንድ እጅ ገንዳ፣ በጥርሴ የጋቢው ጫፍ። መንገድ ዳር የቆሙ ሰዎች ቀና ብለው እያዩን እናልፋቸዋለን። እነሱም በተራቸው ለሚያገኙት ሰው ምን እንዳዩ እንደሚነግሩ አውቃለሁ፤ ከኔ በፊት ወሬዬ አዋሽ ይገባል። አዋሽ አርባ ስንደርስ ደርሰናል ብዬ እግሬን ዘረጋሁ። የመኪናው ጎማ ተነፈሰ። እግሬን መልሼ ሰበሰብኩ።

አመሻሹ ላይ የአማቶቼ ግቢ በር ላይ ቆምኩ። ባሻ አለ። እመቤት አለች። የጅራቷ ጫፍ ትንሽ ተቀንጥቧል፤ ከዚህ በቀር እንደወጡ ገቡ ማለት ይቻላል። አማቴ እማማ ብዙነሽ በሩን ከፈቱ። ልስማቸው ጠጋ አልኩ። እሳቸው ግን ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄዱና አሸተቱኝ። ያንን ሸሚዝ ነበር የለበስኩት፤ ሌላውም ያው እዚያው ቤት ነው የተሰቀለው። ጸጉሬ ሰማያዊ ነው። ላምባው ከጋቢዬ ገና አልወጣም። እማማ ነጠላቸውን በአፍንጫቸው ላይ አደረጉ።

“ዓሦቹ ይግቡ” አሉ። “አንተ ልጄ እዚያው ቆይ። ቤት ውስጥ አራስ አለች።”

የአስካለ አባት ወጥተው ገንዳውን ከእጄ ወሰዱት። ክንዶቼ ግን እንደተዘረጉ ቀሩ፤ ሊታጠፉልኝ አልቻሉም። የጎረቤት ሴቶች በመስኮቱ ተደርድረው እንዲያ ሆኜ ግቢው መሐል ቆሜ አዩኝ። ከውሃው በርሜል አጠገብ ሳሙና ተሰጠኝ። ታጠብኩ። እማማ መጥተው አሸተቱኝና ድገም አሉኝ። ደገምኩ። መጥተው አሸተቱኝ። ሳሙና ጨመሩልኝ።

እየታጠብኩ ሳለ ገንዳውን ከመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጡት። ብርሃኑ ከውስጥ ሲመጣ ውሃው በራ። ከገንዳው ኋላ አስካለ መጥታ ቆመች፤ ክንዷ ላይ የተጠቀለለ ነገር አለ። ዝቅ አድርጋ አሳየችኝ። በመስተዋቱና በውሃው ውስጥ ትንሽ ፊት አየሁ፤ ቀይ፣ የተጨማደደ፣ በኔ ነገር የተቆጣ። አፏን ከፍታ ዘጋችው። ባሻ በግንባሯ በኩል ቀስ ብሎ አለፈ።

ከሳሙናው ጋር እንደቆምኩ ያንን ሁሉ መንገድ ይዤው የመጣሁትን ጥያቄ ጠየቅሁ።

“አስካል፣ ዱብቲ ትመለሻለሽ?”

አስካለ ልጅቱን ወደ ትከሻዋ አወጣችና ጥቂት አየችኝ፤ ሰማያዊውን ጸጉሬን፣ አረፋውን፣ አሁንም በቅጡ ያልታጠፉትን ክንዶቼን።

“መጀመሪያ አንተን ሽታው ይልቀቅህ” አለች። “ከዚያ ቤቱን ይልቀቀው። ከዚያ እናያለን።”

ሌላ ሰው ቢሆን ይህ መልስ ያስከፋው ነበር። እኔ ግን አስካለን አውቃታለሁ። ታገቢኛለሽ ወይ ብዬ በጠየቅኋት ዕለትም ያለችኝ “እናያለን” ነበር። ሳሙናዬን ይዤ ወደ በርሜሉ ተመለስኩ።